«ቤተሰቤ» ወይስ «ቤተሰቦቼ»?

ከዱባይ የጻፉልኝ አንዲት አንባቢ እንዲህ ይላሉ፦ «ለአክስቴ ደውዬ ‹ቤተሰቦቼ ደህና ናቸው?› ስል የአጎቴ ልጅ ሰምቶ ሳቀብኝ። ‹ስንት ቤተሰብ ነው ያለሽ?› አለኝ። እናትና አባቴን፣ ታናናሾቼንም ማለቴ ነበር። ተሳስቻለሁ?»

አልተሳሳቱም። እኔ ግን «ቤተሰቤ» ቢሉ እመርጣለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገርዎ።

«ቤተሰብ ውስጥ ያለው ‹ሰብእ›፣ በግእዝ ሰው ማለት፣ ራሱ ብዙ ነው፤ ‹ቤተሰቦች› ማለት በብዙ ላይ ብዙ መደረብ ነው» የሚሉ አሉ። የአጎትዎ ልጅም ከእነሱ ሳይሰማ አልቀረም። እውነት ነው፣ በግእዝ «ሰብእ» ለአንዱም ለብዙውም ይሆናል። ገና ሲደርስ የምንሰማው «ሰብአ ሰገል»፣ በየዜናው ያለው «ሰብአዊ መብት» ከዚሁ የመጡ ናቸው። የእኛው «ሰው»ም እሱው ነው፤ «ብ» ላልታ «ው» ሆነች፣ መጨረሻ ላይ ያለችው «እ» ጠፋች። ትግርኛ ግን ዛሬም «ሰብ» ይላል። «ቤተሰብ» ውስጥ የቀረው ያ የድሮው «ሰው» ነው።

ግእዝ የቤቱን ሰዎች ሲጠራ «ሰብአ ቤት» ይላል። እኛ ገለበጥነው። በግእዝ ሁለት ስሞች ሲናበቡ፣ አንዱ ሌላውን ሲገልጽ ማለት ነው፣ ዋናው ቃል ፊት ይቀድማል፤ ቤተ መጻሕፍት ቤት ነው፣ ቤተ መንግሥትም ቤት ነው። በዚህ ሕግ ከሄድን «ቤተ ሰብእ» የሰው ቤት እንጂ የቤት ሰው ሊሆን አይችልም። ታዲያ እንዴት ሰዎቹን መጥራት ጀመረ? እኔ የሚመስለኝ «ቤት» ድሮም ግድግዳና ጣሪያ ብቻ ስላልነበረ ነው። ቤተ ዳዊት፣ ቤተ ያዕቆብ ስንል ዘሩን ነው። ቤተ እስራኤል ሕዝብ ነው፣ ሕንጻ አይደለም።

ወደ ማብዛቱ ስመለስ፣ «መምህራኖች» እና «ካህናቶች» ሲባል እኔም ያመኛል። እዚያ ግን «መምህራን» እና «ካህናት» የብዙ ምልክታቸውን ይዘው ነው የመጡት። «ሰብ» ላይ እንዲህ ያለ ምልክት የለም። «ማኅበረሰቦች» ሲባል ማንም አይሳለቅም፣ «ሰብ»ዋ ያው ናት። «ሦስት ቤተሰቦች በአንድ ግቢ ይኖራሉ» ብንልም ማን ይከሰናል? ስለዚህ የእነዚያ ሰዎች ክርክር አያስኬድም።

ሰው «ቤተሰቦቼ» የሚለው ሰዋስው ስላልተማረም አይደለም። «ቤተሰቤ ደህና ነው?» ብለው ይሞክሩት እስቲ። እናትና አባት ውስጡ እያሉ «ነው» ማለት ለጆሮ ድፍረት ይመስላል፣ ልክ አባትን «አንተ» እንደማለት። «ናቸው» ብዙንም ክብርንም ይይዛል። አፍ ወደ «ናቸው» ሲሄድ ስሙንም «ቤተሰቦቼ» ብሎ ጎትቶ ይወስደዋል።

እንግዲህ ማስረጃው ከእርስዎ ጋር ነው። እኔ ግን አሁንም አልወደውም። «ቤተሰቤ» ሲባል ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው፤ «ቤተሰቦቼ» ሲባል በየቤቱ የተበተኑ ይመስለኛል። ይሄ የጆሮዬ ጉዳይ ነው፣ ሕግ አይደለም። የባሰው ደግሞ የከተማው ወጣት «ቤተሰቦቼ አይፈቅዱልኝም» ሲል እናትና አባቱን ብቻ ማለቱ ነው። «ወላጆቼ» የሚል ያማረ ቃል እያለ! ይህም ቢሆን ከአፍ አልፎ ጽሑፍ ውስጥ ገብቷል፤ ልመልሰው ብል የሚሰማኝ የለም።

የእኔን ምርጫ ከፈለጉ በሚቀጥለው ስልክ «ቤተሰቤስ ደህና ናቸው?» ይበሉ። ስሙ ነጠላ፣ ግሡ የአክብሮት። የአጎትዎ ልጅ ከሳቀ «ሰብአ ቤት» የሚለውን ይጠይቁልኝ።