የመጀመሪያው ጥቁር የፈረንሳይ ምክር ቤት አባል ማን ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለን ክርክር ተነሳ። አንዱ ጓደኛዬ በፈረንሳይ ምክር ቤት የተቀመጠ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሴኔጋላዊው ብሌዝ ዲያኝ ነው አለ። ሌላው ደግሞ ከሱ በፊት ባሪያ የነበረ ሰው ገብቷል ብሎ ድርቅ አለ። ማናቸው ናቸው ልክ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሁለተኛው ልክ ነው፣ ወንድሜ። ሰውየው ዣን ባቲስት ቤሌ ይባላል፤ ዲያኝን በ120 ዓመት ገደማ ይቀድመዋል። (ዘመኖቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ቤሌ ራሱ እንደተናገረው የተወለደው ጎሬ ደሴት፣ ሴኔጋል ነው። በልጅነቱ ተሽጦ ሳን ዶሚንግ ገባ፤ የዛሬዋ ሄይቲ ማለት ናት፣ ያኔ ፈረንሳይ በባሪያ ጉልበት ስኳርና ቡና የምታመርትባት ቅኝ ግዛት። ሠርቶ ነፃነቱን ገዛ። ወታደር ሆነ፣ ካፒቴንነት ደረሰ። በ1793 ከአንድ ነጭና ከአንድ ክልስ ጋር ተመርጦ ፓሪስ ሄደ፤ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1794 ሦስቱም ወንበራቸውን ያዙ፣ በማግስቱ ምክር ቤቱ በቅኝ ግዛቶቹ ሁሉ ባርነት ይቅር ብሎ ወሰነ። በአንድ ቀን የመጣ ነገር እንዳይመስልህ ግን። በ1791 አምፀው የተነሱት የሳን ዶሚንግ ባሮች ናቸው፤ እዚያው ያሉት የፈረንሳይ ሹማምንትም በ1793 ነፃነታቸውን ለማወጅ ተገደዋል። ፓሪስ ያጸደቀችው በደም የተገኘውን ነው። ይሄ ሲዘለል በጣም ያናድደኛል።

መጨረሻው ያሳዝናል። በ1802 ናፖሊዮን ወደ ሳን ዶሚንግ ጦር ሲልክ ቤሌም አብሮ ዘመተ፣ በዚያው ዓመት ናፖሊዮን ባርነትን በሕግ መለሰ። ለፈረንሳይ ያን ያህል ያገለገለውን ሰው የፈረንሳይ ጦር ራሱ ያዘውና ቤል ኢል ወደምትባል የፈረንሳይ ደሴት ተላከ። በ1805 እዚያው እንደታሰረ ሞተ። በ1797 ዢሮዴ የሳለው ሥዕሉ ዛሬ ቬርሳይ ቤተ መንግሥት አለ፤ የምክር ቤት አባል ልብሱን ለብሶ፣ ቀና ብሎ ቆሟል። ፎቶውን ፈልገህ እየው።

የመጀመሪያው ጓደኛህም ዝም ብሎ አላወራም። ዲያኝ በ1914 የተመረጠው አፍሪካ ውስጥ፣ በሴኔጋል ከተሞች መራጮች ድምፅ ነው፤ ከአህጉሩ ተመርጦ የገባ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ እሱ ነው። የትውልድ ቦታውም ያው ጎሬ ነው።