«አጋጣሚ»፣ «ገጠመኝ»፣ «ግጥምጥሞሽ»

ጥያቄ፦ «ግጥምጥሞሽ ሆኖ ታክሲ አመለጠኝ» ብዬ ብጽፍ ጓደኛዬ «አጋጣሚ በል» ብሎ አረመኝ። ልዩነት አላቸው ወይ? «ገጠመኝ»ስ?

መልስ፦ ጓደኛዎ ልክ ነው። ሦስቱም ከ«ገጠመ» የወጡ ናቸው፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው።

«ግጥምጥሞሽ»ን ከ«ድብብቆሽ»ና ከ«ቅብብሎሽ» ጋር ያስተያዩት። ድብብቆሽ ብቻውን የሚጫወት የለም። ግጥምጥሞሽም ቢያንስ ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ ያውም አንዱ ሌላውን ሳያመጣው የተገናኙ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። የውድድሩን ቀን የቆረጠው ሰው የኛን ዘመን መለወጫ አስቦ አይደለምና ይህ ግጥምጥሞሽ ነው። ያኔ ሮም ቆሞ በነበረው የአክሱም ሐውልት አጠገብ አፈትልኮ መውጣቱን ግን እንዲህ ለማለት አልደፍርም፤ ቦታው አስቀድሞ የተመረጠ ነበር ይባላል። ታስቦበት የተደረገ ነገር ግጥምጥሞሽ አይሆንም። የእርስዎ ታክሲ ደግሞ ብቻዋን ነው የሄደችው፤ የተገጣጠመ ሁለተኛ ነገር የለም።

«አጋጣሚ» ሰፋ ይላል፤ አንድ ያልታሰበ ነገር ይበቃዋል። «እንዳጋጣሚ» («እንደ አጋጣሚ») ብዙ ጊዜ ዓረፍተ ነገር ይከፍታል፦ «እንዳጋጣሚ እሱም እዚያ ነበር»። «በአጋጣሚ» ወደ ግሡ ይጠጋል፦ «መርካቶ በአጋጣሚ ተገናኘን»። «ይህን አጋጣሚ በመጠቀም» ሲባል ግን ትርጉሙ «ምቹ ጊዜ» ነው። በየስብሰባው ቢሰለችም ስሕተት አይደለም።

ስሕተቱ ሌላ ቦታ ነው። «በአጋጣሚ ብርጭቆ ሰበርኩ» የሚል አነጋገር እየበዛ መጥቷል፤ የእንግሊዝኛ ጥላ ያረፈበት ይመስለኛል። ሰውየው ሊል የፈለገው ሆን ብሎ አለማድረጉን ነው፤ ለዚህ «ሳላስበው» ወይም «ሳላውቅ» አለለት። እንደዚሁ «ድንገት» የሚናገረው ስለ ፍጥነቱ እንጂ ስለ ምክንያቱ አይደለም፤ መንስኤው የታወቀ እሳትም ድንገት ሊነሣ ይችላል።

«ገጠመኝ» የሚገርም ቃል ነው። ግሥ ሆኖ ሳለ፣ «እኔን» የሚለውን «-ኝ» እንደ ጫነ ወደ ስምነት ተሻግሯል። ስለዚህ «ገጠመኜ»፣ «ገጠመኞች»፣ የሌላ ሰው ሲሆን እንኳ «ገጠመኝህ» ይባላል። የሚያመለክተው በሰው ላይ የደረሰና የሚተረክ ነገርን ነው። የሁለት በዓላት በአንድ ቀን መዋል ገጠመኝ አይባልም፤ ያን ዕለት እርስዎ ላይ የደረሰው ይባላል። ታክሲዋ ካመለጠችዎ በኋላ የሚወራ ነገር ደርሶ ከሆነም «ገጠመኜ» ብለው ሊጽፉት ይችላሉ።