ለቤት ዋይፋይ ሁሉም ዕቃ የአንድ ብራንድ መሆን አለበት?

ጥያቄ፦ ዋይፋይ 6 የሚባለውን አዲስ ራውተር ገዛሁ። ስልኬ ላይ በጣም ጥሩ ይሠራል። የቆየው ላፕቶፔ ግን የኔትወርኩን ስም ያሳየኛል፣ ፓስወርዱን ሳስገባ እንቢ ይላል። ፕሪንተሬ ደግሞ ስሙንም አያገኘውም። የሸጠልኝ ሰው «ዕቃዎቹ ሁሉ የአንድ ብራንድ ካልሆኑ አይግባቡም» አለኝ። እውነት ነው? ላፕቶፑን ልቀይር? የማስገባው ኢንተርኔት 50 ሜጋቢት ነው። የመጨረሻው ክፍል ላይ ሲግናሉ ስለሚደክም ማራዘሚያም ልገዛ ነው።

መልስ፦ ላፕቶፑን አይቀይሩ። ማራዘሚያውንም ለጊዜው ይተዉት። እንደጻፉልኝ ከሆነ አብዛኛው ችግርዎ ያለ ወጪ የሚፈታ ይመስለኛል።

የብራንዱን ነገር በቅድሚያ እንጨርሰው። ሻጩ የነገሩዎት ትክክል አይደለም። አይትሪፕልኢ የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር ያወጣው 802.11 የሚባል የጋራ ስታንዳርድ አለ። የአንዱ ኩባንያ ስልክ ከሌላው ኩባንያ ራውተር ጋር የሚነጋገረው በእሱ ነው። ሰው በዚህ ምክንያት ደህና ዕቃውን ጥሎ ሁሉንም እንደ አዲስ ሲገዛ ሳይ በጣም ያናድደኛል። ብራንድ በእርግጥ የሚያሳስበው ሜሽ፣ ማለትም ቤቱን በሙሉ ለመሸፈን አብረው የሚሠሩ የዋይፋይ ሣጥኖች ሲገዙ ነው። የአንዱ ኩባንያ የሜሽ ሣጥን ከሌላው ጋር አብሮ ይሠራል ብለው አይተማመኑ፤ እሱን ከአንድ ኩባንያ ይግዙ።

አሁን ወደ ላፕቶፑ። ስሙን አይቶ ፓስወርዱ ላይ ከተጣላ መጀመሪያ የምጠረጥረው የደኅንነት ሴቲንጉን ነው። ደብልዩፒኤ የሚባለው የዋይፋይ መቆለፊያ ነው። ደብልዩፒኤ 2 የመጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ ደብልዩፒኤ 3 እ.ኤ.አ. በ2018። ራውተሩ ላይ ደብልዩፒኤ 3 ብቻ ተመርጦ ከሆነ ብዙ የቆዩ ዕቃዎች ፓስወርዱ ልክ ቢሆንም መግባት አይችሉም። ወደ ራውተሩ የሴቲንግ ገጽ ይግቡና የዋይፋይ ደኅንነት የሚለው ቦታ ላይ ሁለቱን የሚያቀላቅለውን ምርጫ ይምረጡ። አዲሱ ስልክዎ በ3፣ ላፕቶፑ በ2 ይገባሉ። ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው ካስቸገሩ 2 ብቻውንም ቢሆን ለቤት ይበቃል፤ ፓስወርዱ ረጅም ይሁን እንጂ። ከዚያ በታች ግን አይውረዱ። ዌፕ የሚባለው የድሮ ቁልፍ ከተሰበረ ቆይቷል። ደግሞም ዌፕን ወይም ቲኪፕ የሚባለውን ሌላ የድሮ ቁልፍ ከመረጡ ዕቃው ወደ 54 ሜጋቢት ይወርዳል። ራውተሩ ስለዘገየ ብቻ ወደ ባለሙያ ተወስዶ፣ ጥፋቱ ይህች አንዲት ምርጫ ሆና ስትገኝ አይቻለሁ።

ሴቲንጉን አስተካክለውም ካልገባ የላፕቶፑን የዋይፋይ ድራይቨር፣ ማለትም የዋይፋይ ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር ያድሱ። የቆዩ ድራይቨሮች ከዋይፋይ 6 ጋር እንደሚቸገሩ ይታወቃል፤ አንዳንዶቹ ስሙን ጭራሽ አያሳዩም።

የፕሪንተሩ ጉዳይ ሌላ ነው። ራውተርዎ በሁለት ሞገድ ይሠራል፤ በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ። 2.4 ግድግዳ አልፎ ራቅ ብሎ ይሄዳል፣ ግን ቀርፋፋና የተጨናነቀ ነው። 5 ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ግን ያደክመዋል። አብዛኞቹ የቤት ፕሪንተሮች፣ ስማርት አምፖሎችና ርካሽ ካሜራዎች የሚያውቁት 2.4ን ብቻ ነው። ራውተሩ ላይ 2.4 ተዘግቶ ከሆነ ይክፈቱት። ክፍት ሆኖም ሁለቱ በአንድ ስም ከተጠሩ ለ2.4 የራሱን ስም ይስጡትና ፕሪንተሩን በእሱ ያስገቡት። የደኅንነቱ ጉዳይ እዚህም ስለሚነካ መጀመሪያ ያንን ያስተካክሉ።

ስለ ቁጥሮቹ ትንሽ ልበል፤ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው 802.11 ኤን ዛሬ ዋይፋይ 4 ይባላል። ኤሲ ዋይፋይ 5 ነው፣ ኤኤክስ ዋይፋይ 6። እነዚህ ቀላል ስሞች እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ የመጡ ናቸው፤ ስለዚህ የቆየ ዕቃ ላይ የሚያገኙት ፊደሎቹን ነው። አዲሱ ከአሮጌው ጋር ይነጋገራል፣ ፍጥነቱ ግን የአሮጌው ነው። ባለ አንድ አንቴና ዋይፋይ 4 በ2.4 ላይ በተለመደው ስፋት በወረቀት 72 ሜጋቢት ነው፤ በተግባር የሚደርስዎ ግማሽ ያህሉን ቢሆን ነው። ባለ ሁለት አንቴና ከሆነ 144 ነው። ስለዚህ ለእርስዎ 50 ሜጋቢት ባለ ሁለት አንቴናው ላፕቶፕ ይበቃል። ባለ አንዱ ከሆነና ካዘገመብዎ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ አስማሚ ይግዙ። ሁለቱንም ሞገድ የሚይዝ ይሁን፤ ዋይፋይ 5 ይበቃዎታል፣ ለ6 ብለው አይጨምሩ። ካርቶኑ ላይ የእርስዎን የዊንዶውስ ስሪት መጥራቱን ሳያዩ ግን አይክፈሉ።

ራውተር ካርቶን ላይ በትልቁ 1800 የሚል ካዩ ደግሞ እሱ የአንድ ዕቃ ፍጥነት አይደለም። በ2.4 ላይ ያለው 574 እና በ5 ላይ ያለው 1201 ተደምሮ፣ ከዚያ ከፍ ተደርጎ የተጻፈ ነው። አንድ ስልክ ብቻውን 1800 አያገኝም።

የመጨረሻው ክፍል ላይ ለሚደክመው ሲግናል፦ የድሮው ራውተርዎ አለ? ካለ እሱን ይጠቀሙ። ርካሽ ማራዘሚያ በያዘው ሞገድ ሲቀበል ቆይቶ በዚያው መልሶ ስለሚልክ ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ይቀንሰዋል። ገመድ ግን አይቀንስም። የድሮውን ራውተር ከአዲሱ ሳይያያዝ ብቻውን ከላፕቶፑ ጋር በገመድ ያገናኙና አድራሻውን ይቀይሩ፤ አዲሱ 192.168.1.1 ከሆነ ይሄኛው 192.168.1.2 ይሁን። ለዕቃዎች አድራሻ የሚያድለውን ዲኤችሲፒ የሚለውን ያጥፉ። ይህን ከረሱት ሁለቱም አድራሻ ማደል ይጀምሩና ቤቱ ሙሉ ኢንተርኔት ይቆራረጣል። ከዚያ ከአዲሱ ራውተር የሚመጣውን ገመድ በድሮው ራውተር ኢንተርኔት ከሚለው ፖርት ላይ ሳይሆን ከሌሎቹ በአንዱ ላይ ይሰኩ። የዋይፋይ ስሙና ፓስወርዱ እንደ አዲሱ ይሁን፣ ቻናሉ ግን ይለይ፤ በ2.4 ላይ አንዱ 1 ከያዘ ሌላው 6 ወይም 11።

ጥያቄ፦ በስልክ መስመር የሚመጣው ኢንተርኔቴ በፋይበር ሊቀየር ነው። 300 ሜጋቢት ነው የምይዘው። ራውተሬ ይሠራልኛል?

መልስ፦ ጀርባውን ያዙሩና ይመልከቱ። ኢንተርኔት የሚገባበት ጠባቡ የስልክ ሶኬት ብቻ ከሆነ ቀጥታ አይሠራም፤ የፋይበሩ ሣጥን የሚሰጠው ሰፊውን የኔትወርክ ገመድ ነው። ሰፊው የኢንተርኔት ፖርት ካለው ፍጥነቱን ያጣሩ። 100 ሜጋቢት የሚል ከሆነ 300 ከፍለው ከ100 በላይ አያገኙም፤ 1 ጊጋቢት ያለው ያስፈልግዎታል። ገመዱ ላይ ካት 5ኢ ወይም ካት 6 የሚል ጽሑፍ ካለ እሱን አይቀይሩት።