ሞተር «በሰላም ይወድቃል» ወይ?

ጠያቂዬ የአውሮፕላን ሞተር ማስተማሪያ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለሱ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ደርሰው ቆመዋል። ረቂቃቸው እንዲህ ይላል፦ «አንድ የፋን ስለት ሲወልቅ ሞተሩ በሰላም እንዲወድቅ ሆኖ ይነደፋል።» ፋን ከሞተሩ ፊት ያለው ትልቁ ማራገቢያ ነው። እንግሊዝኛው «ብሌድ» ለሚለው ለማራገቢያው ዘርፍ «ስለት» ልክ ነው ወይስ «ምላጭ» ወይስ «ክንፍ»? «ወለቀ» ይሻላል ወይስ «ተገነጠለ»? ሦስተኛውን ጥያቄ በራሳቸው ቃል ላስቀምጠው፦ «‹በሰላም መውደቅ› የሚለው ጆሮዬን ይቆረቁረኛል። ለምን እንደሆነ ግን ማስረዳት አቃተኝ።»

ጆሮዎን ይመኑት። ከመጨረሻው ልጀምር፤ እኔንም ለዓመታት ሲቆረቁረኝ የኖረ ነገር ነው።

«ወደቀ» የግእዙ «ወድቀ» ነው። ከላይ ወደ ታች መምጣት ነው። ለአውሮፕላን ሲነገር ደግሞ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው፦ ተከሰከሰ። «ሞተሩ ወደቀ» ያሉት ሰው ሞተሩ ከክንፉ ተለይቶ መሬት ላይ አረፈ ብሎ ይረዳል። «በሰላም ወደቀ» ካሉትማ አውሮፕላኑ ተከስክሶ ሰው ተረፈ ብሎ ያስባል። ጸሐፊው ሊል የፈለገው ግን አንድ ክፍል ሥራውን መሥራት አቃተው፣ አውሮፕላኑ ግን መብረሩን ቀጠለ ነው። በአንድ ቃል ምክንያት መልእክቱ ተገለበጠ።

ሁለት እውነተኛ አደጋዎች ልዩነቱን ያሳያሉ። ጥር 1989 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ኬግዎርዝ በተባለ መንደር አጠገብ አንድ ቦይንግ 737-400 ተከሰከሰ። መነሻው በግራው ሞተር ውስጥ የተሰበረ አንድ የፋን ብሌድ ነበር። አብራሪዎቹ ተሳስተው ደህናውን የቀኝ ሞተር አጠፉ። ከ126 ሰዎች 47ቱ ሞቱ። ሚያዝያ 2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የሳውዝዌስት አየር መንገድ በረራ 1380 በአየር ላይ እንዳለ የግራ ሞተሩ አንድ ብሌድ ተሰበረ። የሞተሩ ሽፋን ስብርባሪ መስኮት መትቶ አንዲት ተሳፋሪ ሞተች። አውሮፕላኑ ግን ፊላዴልፊያ አረፈ። በሁለቱም አደጋ ሞተር ተበላሽቷል። የወደቀው የመጀመሪያው አውሮፕላን ብቻ ነው። «ተበላሸ»ንም «ወደቀ»ንም «ወደቀ» ብለን ከጻፍን እነዚህን ሁለት ታሪኮች በምን ልንለያቸው ነው?

የሚከራከሩኝ አሉ። «ውድቀት» ዛሬ ጠቅላላ ስም ሆኗል ይላሉ። ፈተና ይወድቃል፣ መንግሥት ይወድቃል፣ ዋጋ ይወድቃል፤ ታዲያ ማሽን ለምን አይወድቅም? ማስረጃቸውን አውቀዋለሁ። ፈተና የሚሻገሩት ነገር ነው፤ የሚያልፍ አለ፣ የሚወድቅ አለ። መንግሥት ከዙፋን ይወርዳል። ዋጋም ወጥቶ ነው የሚወርደው። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ከፍታ አለ። ቆሞ ይሠራ የነበረ ፓምፕ ከየት ወደ የት ይወድቃል? በእርግጥ «የሥርዓት ውድቀት» በየሪፖርቱ ገብቶ ተቀምጧል። ባልወደውም ላወጣው አልችልም። ለኢኮኖሚና ለአስተዳደር ይሁንላቸው። ወደ አውሮፕላን ሲመጣ ግን አልስማማም።

ነገሩን ጠለቅ ብዬ ሳየው ችግሩ የአንድ ቃል ምርጫ ብቻ አይመስለኝም። አማርኛ ለብልሽት አንድ ጠቅላላ ስም አልፈለገም፤ ለእያንዳንዱ የራሱን ግሥ ሰጠው። ፍሬን ይበጥሳል። ሞተር ይነክሳል። ጎማ ይፈነዳል። ፊውዝ ይቃጠላል። ባትሪ ይደክማል። መብራት ይጠፋል። የሰው ጉልበት እንኳ ይከዳል። «ፍሬኑ በጠሰ» ያለህ ሹፌር ምን እንደሆነ በሁለት ቃል ነግሮሃል። «የፍሬን ውድቀት አጋጠመ» ያለህ ግን ምንም አልነገረህም፤ ፍሬኑ መንገድ ላይ ወድቆ ቀርቶ እንደሆነም ትጠራጠራለህ። እንዲህ ያለ ሀብት ይዘን ሁሉንም በአንድ «ውድቀት» ስንጠቀልለው ያመኛል።

«በሰላም» የሚለውም አብሮ መታየት አለበት። ለዚህ ሞተሩ ውስጥ ምን እንደሚሆን ማወቅ ያስፈልጋል። ከፊት ያለው ትልቁ ማራገቢያ፣ ማለትም ፋኑ፣ በሙሉ ፍጥነት ሲዞር እያንዳንዱን ብሌድ ወደ ውጭ የሚጎትተው ኃይል በአሥር ቶኖች ይቆጠራል። አንዱ ከሥሩ ሲለይ እንደ ጥይት ይወረወራል። ከኋላው የሚመጡት ይመቱታል፤ እነሱም ይቀጠቀጣሉ። የቀረው ፋን ሚዛኑን ያጣል። ያልተመጣጠነው ክብደት ሞተሩን ከነተሸካሚው ይንጠዋል። የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ደንብ (ክፍል 33.94) ሞተር አምራቹ ይህን ሆን ብሎ እንዲሞክረው ያዝዛል። በልምድ በአንዱ ብሌድ ሥር ፈንጂ ይቀመጣል። ሞተሩ በከፍተኛ ፍጥነቱ ላይ ሳለ ፈንጂው ይፈነዳል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ በራሱ ካልቆመ በስተቀር ቢያንስ ለ15 ሰከንድ እሳት ሳይነሳ፣ ማሰሪያዎቹም ሳይለቁ፣ ስብርባሪውን ውስጡ ይዞ መቆየት አለበት።

ልብ ይበሉ፤ ከዚህ ሙከራ በኋላ ሞተሩ ድራሹ ጠፍቷል። ሰላም የሆነ ሞተር የለም። ሰላም የሚሆኑት ሰዎቹ ናቸው። አማርኛ ደግሞ «በሰላም» እና «በደህና» የሚሉትን ቃላት ለሰው ነው የሚያቆየው፦ በሰላም ገባ፣ በደህና ወለደች። ስለዚህ «ሞተሩ በሰላም ተበላሸ» ብለው ቢያስተካክሉትም ዓረፍተ ነገሩ እንደ ታመመ ይቀራል። ሰላሙን ለባለቤቱ ይመልሱለት። ሞተሩ የሚያደርገው ጉዳቱን ይዞ መቅረት ነው። «ይዞ ቀረ» የእናቶቻችን አማርኛ ነው፤ ማንም ሳያስተምረው ማንም ይረዳዋል።

አሁን ወደ «ስለት»። እዚህ ትንሽ ራቅ ብዬ ልሂድ፤ ቃሉ የሚያስጎመጅ ነው። የአማርኛ «ሳለ» በአንድ ልብስ ውስጥ ብዙ ሰው ነው። ቢላዋ ሳለ፣ ሥዕል ሳለ፣ በጉንፋን ሳለ። «ተሳለ» ብለን ደግሞ ለታቦት ቃል መግባትን እንጨምርበታለን። በግእዝ እነዚህ አራት የተለያዩ ግሦች ነበሩ። ማሾሉ «ሰሐለ» ነው፤ ትግርኛ እስከ ዛሬ «ሰሓለ» ይላል። ሥዕሉ «ሠዐለ» ነው። በጉንፋን መሳሉ «ሰዐለ» ነው። ቃል መግባቱ «ሰአለ» ነው፤ ለመነ ማለት ነው። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆቹን ሲጥል አራቱም «ሳለ» ላይ ወደቁ። (እዚህ ላይ «ወደቁ» ልክ ነው።) «ስእለት»ን በዐይኑ «ዐ» የሚጽፉ ሰዎችም የተሳሳቱት እዚህ ጋ ነው፤ ልመናን ከሥዕል ጋር አጋቡት።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው «ስለት» የተሳለ ጠርዝ መሆኑን ነው። የፋን ብሌድ ግን ለመቁረጥ አልተሠራም። እንደ ክንፍ የጎበጠና የተጠማዘዘ ሆኖ አየር ወደ ኋላ ይገፋል። «ምላጭ»ም ያው ነው። ግእዙ «ላጸየ» ነው፤ «የ» ስትጠፋ «ጸ»ን «ጨ» አደረገቻት፣ «ላጨ» ሆነ፤ ከዚያ የመሣሪያው ስም ወጣ። መላጫ ነው። ዘጠኝ መቶ ኪሎሜትር በሰዓት የሚበር አውሮፕላን ላይ የሚላጭ የለም።

«ክንፍ» በቅርጹ ከሁሉም ይቀርባል። ለቤት ማራገቢያ ከሆነ ያለ ምንም ቅሬታ እቀበለዋለሁ። አውሮፕላን ግን የራሱ ክንፍ አለው። በማስተማሪያ መጽሐፍ «ክንፉ ተሰበረ» የሚል ዓረፍተ ነገር እንዲገኝ ማን ይፈልጋል?

የኔ ልብ ያለው «ቅጠል» ላይ ነው። ግእዙ «ቈጽል» ነው፤ «ጸጉር»ን «ጠጉር» ያደረገው ለውጥ «ጸ»ውን «ጠ» አደረገው። የእንግሊዝኛው «ብሌድ» ራሱ በጥንቱ አነጋገር ቅጠል ማለት ነበር፤ ወደ ሰይፍ የሄደው ከዚያ ወዲያ ነው። ዘመዱ ጀርመንኛ ዛሬም ለዛፍ ቅጠልም ለፕሮፔለርም «ብላት» ይላል። ለተርባይን ሲሆን ደግሞ ጀርመኖች «ሻውፈል» ይላሉ፤ አካፋ። ሩሲያኛው «ሎፓትካ» ትንሽ አካፋ ነው። ፈረንሳይኛው «ኤሌት» ትንሽ ክንፍ ነው። አንዳቸውም ቢላዋ አላሉትም። እኛ ብቻ የእንግሊዝኛውን መዝገበ ቃላት ገልጠን የመጀመሪያውን ትርጉም ይዘን ሮጥን።

«ብረት እንዴት ቅጠል ይሆናል?» የሚሉኝ አሉ። መጋዝ ጥርስ አለው፣ ወንበር እግር አለው፣ ጠርሙስ አንገት አለው፤ ለፋን ቅጠል ምን ይከለክለዋል? ደግሞም ሥር አለው፤ ሥሩ በመካከለኛው ዲስክ ዙሪያ በተቀረጸ ቦይ ውስጥ ገብቶ ይያዛል። ሥርና ቅጠል ከተገናኙ ሥዕሉ ሙሉ ነው።

ይሁንና ጥገና ክፍል ውስጥ ገብቶ «ቅጠሉን አቀብለኝ» የሚል ሰው አላጋጠመኝም። ሁሉም «ብሌድ» ይላል። ብዙ ቁጥሩም «ብሌዶች» ሆኖ እንደ ሌላው ቃል ይረባል። የማስተማሪያ ጽሑፍ የሚጻፈው ሰውየው እጁን ከማስገባቱ በፊት እንዲረዳው ነው። ስለዚህ ሳልወድ እላለሁ፦ «ብሌድ» ብለው ይጻፉ። መጀመሪያ ሲያነሱት ብቻ «የፋኑ ቅጠል፣ ማለትም ብሌድ» ቢሉልኝ ደስ ይለኛል።

«ወለቀ» ወይስ «ተገነጠለ»? እዚህ ላይ ምህንድስናው ራሱ ይመልሳል። «ወለቀ» የገባ ነገር ሳይሰበር ከቦታው ሲወጣ ነው። ቀለበት ይወልቃል፣ ትከሻ ይወልቃል፣ ጥርስም ከነሥሩ ይወልቃል። በበረራ 1380 የሆነው ይህ አይደለም። ብረቱ በድካም ተሰንጥቆ ሥሩ ላይ ተሰበረ፤ የሥሩ ቁራጭ በዲስኩ ቦይ ውስጥ ቀረ። ይህ እንደ ቅርንጫፍ መገንጠል ነው፤ ከፊሉ ይሄዳል፣ ከፊሉ ግንዱ ላይ ይቀራል። «ረገፈ»ን ቅጠል በማለቴ ምክንያት ሊያመጡብኝ የሚችሉ ስላሉ እሱንም ልበል፦ የሚረግፍ ነገር ጊዜው ደርሶ በዝግታ የሚለቅ ነው። ይሄ በሰከንድ ሽራፊ የሚሆን ነገር ነው። «ተገነጠለ» ይሁን። መርማሪው መሰበሩን ካረጋገጠ ደግሞ «ተሰበረ» ብሎ መጻፍ ከሁሉም ይቀላል።

አንድ ያልጠየቁኝን ልጨምር፤ ቀጣዩ ገጽ ላይ መምጣቱ አይቀርም። ፋኑን የከበበው ወፍራም ቀለበት ብሌዱን የሚያስቀረው ነው። አንዳንዱ አሉሚኒየም ሆኖ ኬቭላር በተባለ ጠንካራ ጨርቅ ይጠቀለላል፤ አንዳንዱ ከካርቦን ፋይበር ይሠራል። እኔ «መከታ» እለዋለሁ። ከ«መከተ» ነው፤ የሚመጣን በጋሻ መመለስ። መከታ ከውጭ የሚመጣን ይመልሳል እንጂ ከውስጥ የሚወጣን አይይዝም ብለው ይከራከሩኛል። እውነት ነው፤ በዚህ አቅጣጫ ማስረጃው ከእነሱ ጋር ነው። እኔ ግን ከመስኮቱ አጠገብ የተቀመጠውን ሰው አስባለሁ። ለእሱ ከሞተሩ የሚመጣው ስብርባሪ ከውጭ የሚመጣ ነው። ቀለበቱ መከታው ነው። ይህን ቃል አልለውጥም። መከታው የሚችለው ግን ብሌድን ነው። መሐል ያለው ዲስክ ራሱ ከፈነዳ የሚይዘው ቀለበት የለም፤ ለዚያ ነው ዲስኮች በተወሰነ የበረራ ቁጥር ከአገልግሎት የሚወጡት።

በአንዳንድ ሞተሮች ደግሞ የፊተኛው ቋት ተሸካሚ፣ ማለትም የሚዞረውን ዘንግ ደግፎ የሚይዘው ክፍል፣ ሆን ተብሎ ደካማ ይደረጋል። ብሌድ ሲሄድና ሞተሩ ሲናጥ ያ ክፍል ቀድሞ ይሰበራል፤ ንዝረቱ ወደ ክንፉ በሙሉ ኃይሉ እንዳያልፍ። ለእሱ አዲስ ቃል አይፍጠሩ። «ፊውዝ» ይበሉት። ለምን እንደሚሰበር አንባቢው ወዲያው ይገባዋል።

ዓረፍተ ነገሩን እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «ሞተሩ የሚነደፈው አንድ የፋን ብሌድ ቢገነጠል እንኳ ስብርባሪውን ይዞ እንዲቀር፣ እሳትም እንዳያስነሳ ነው።» ትንሽ ረዝሟል። በሠንጠረዥ ውስጥ ቦታ ካጠረዎት «ጉዳትን ይዞ መቅረት» ይበቃል።

«ወደቀ»ን ከመጽሐፉ ጨርሰው እንዳያወጡት ደግሞ። ስለ ጥገና በሚያወራው ምዕራፍ ያስፈልግዎታል። ሜካኒኩ ሲሠራ ብሎን ከእጁ አምልጦ ሞተሩ ውስጥ ሊገባ ይችላል። እዚያ «ብሎን ከወደቀ ፈልገው ሳያወጡት ሞተሩን አያስነሱ» ብለው ይጻፉ።