«የተዳቀለ አቮካዶ» ማለት ትክክል ነው?

ጥያቄ፦ የአትክልትና ፍራፍሬ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ለችግኝ ጣቢያ ሠራተኞች የሚሆን አጭር መመሪያ በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። «የተዳቀለ አቮካዶ» ሲባል እሰማለሁ፤ «የተዳቀለ በቆሎ»ም ይባላል። ሁለቱ አንድ ናቸው? ተክልስ «ይራባል» ነው ወይስ «ይባዛል»?

መልስ፦ አንድ አይደሉም። በአንድ ግስ መጠራታቸውም ችግኝ ገዢውን ያሳስታል ብዬ አምናለሁ።

«ማዳቀል» የመውለድ ቃል ነው፤ «ዲቃላ» የወጣውም ከዚሁ ግስ ነው። ሁለት ወላጅ ይፈልጋል። ለበቆሎው በትክክል ይሠራል፦ ባኮ የግብርና ምርምር ማዕከል የተገኘው ቢኤች 660 የሚባለው ዝርያ የተለያዩ የበቆሎ መስመሮች (ጠባያቸው እንዳይለወጥ ተጠብቀው የቆዩ የወላጅ ዘሮች) ተዳቅለው የወለዱት ነው። ገበሬው ከምርቱ ዘር አስቀርቶ ቢዘራ ጠባዩ ይበታተንበታል፤ በየዓመቱ አዲስ ዘር የሚገዛው ለዚህ ነው።

አቮካዶው ላይ ግን ልደት የለም። ከዘር የበቀለው ችግኝ አናቱ ይቆረጥና ከተመረጠ ዛፍ የመጣ ቀንበጥ ይገጠምበታል። ከቅርፊታቸው ሥር ያለው ለምለም ሽፋን ተነካክቶ ይያያዛል። ከመገጣጠሚያው በላይ ያለው ሁሉ ቀንበጡ የተቆረጠበት ዛፍ እንደሆነ ይቀራል። ሀስ የሚባለውን አቮካዶ ይመልከቱ፤ ሩዶልፍ ሀስ እ.ኤ.አ. በ1935 የባለቤትነት መብት ያገኘበት አንድ የካሊፎርኒያ ዛፍ ነበር። ዛሬ በዓለም ላይ ያለው ሀስ ሁሉ ከዚያ ዛፍ በቀንበጥ የወረደ ነው። በመዳቀል ቢሆን ኖሮ ፍሬው ይህን ያህል ባልተመሳሰለ! ገዢው ማወቅ ያለበትም ይህንኑ ነው፦ የሀስን ፍሬ በልቶ ዘሩን ቢተክል ሌላ አቮካዶ ያገኛል፤ ቀንበጡን ቢወስድ ግን ሀስን ያገኛል።

ታዲያ ምን እንበል? ሮሜ ምዕራፍ 11 ላይ የበረሃው ወይራ በመልካሙ ወይራ «ይገባል»። ያማረ አነጋገር ነው፤ የባለሙያውን የእጅ ሥራ ግን አያሳይም። እኔ «መቀጠል»ን እመርጣለሁ፤ ክር እንቀጥላለን፣ ገመድ እንቀጥላለን፣ ቀንበጥም እንቀጥላለን። «የተቀጠለ አቮካዶ» ለጆሮ አዲስ ስለሚሆን መጀመሪያ ላይ «በገበያ የተዳቀለ የሚባለው» ብለው አንዴ ያስታውቁ።

«ማራባት» ስህተት ባይሆንም ወደ ከብትና ዶሮ ያደላል። «የዘር ብዜት» በግብርናው ዘንድ ሥር ስለሰደደ ለተክል «ማባዛት» ይሻላል። ይሁንና የጠራ ቃል ባለበት ቦታ ሁለቱንም ይተዉአቸው። ችግኝ ከዘር ሲሆን ይፈላል። የስኳር ድንች ሐረጉ ተቆርጦ ይተከላል። እንሰት ደግሞ የአሚቾው (ከመሬት በታች ያለው ወፍራም ግንዱ) መሐል፣ ማደጊያው፣ ተፈልፍሎ ይወጣና አሚቾው ሲቀበር በዙሪያው ብዙ ቡቃያ ይሰጣል። በሲዳማና በጉራጌ ያሉ አርሶ አደሮች ለእንሰት ችግኝ በየዕድሜው የተለየ ስም አላቸው፤ ለዚያ ምዕራፍ ቃል ከመፍጠርዎ በፊት እነርሱን ይጠይቁ።