የፍቼ ጫምባላላ ቀን እንዴት ይቆረጣል?

ጠያቂያችን የሲዳማ ዘመን መለወጫ የሆነው ፍቼ ጫምባላላ በመጪው ዓመት መቼ እንደሚውል፣ የመሥሪያ ቤታቸውንም ዓመታዊ መርሐ ግብር በዚያው መሠረት ከወዲሁ ማውጣት ይችሉ እንደሆነ ጠይቀዋል። ሐዋሳ ውስጥ የሥልጠናና የስብሰባ መርሐ ግብር ሳወጣ የኖርኩ እንደመሆኔ መልሴ አጭር ነው፤ ቁርጥ ያለው ቀን ዓመት ቀድሞ አይገኝም።

ቀኑን የሚቆርጡት አያንቶ የሚባሉት አባቶች ናቸው። የጨረቃንና የከዋክብትን አካሄድ በዓይናቸው ተከታትለው፣ እርስ በርስ ተመካክረው የደረሱበትን ለየጎሳው ያስታውቃሉ። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲሰፍርም ይኸው የቀን አቆራረጥ አብሮ ተገልጿል። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው የብዙ ዓመታት ፋሲካን ቁጭ ብሎ ሊያወጣ ይችላል፤ ፍቼ ግን ሰማዩ ካልታየ አይታወቅም።

ብዙ ሰው የሚደናገረው የዘመን አቆጣጠሩን ድምር ብቻ ይዞ ሲነሣ ነው። የሲዳማ ሳምንት ዲኮ፣ ዴላ፣ ቀዋዶና ቀዋላንካ የተባሉ 4 ቀናት አሉት፤ 7 ሳምንት አንድ ወር ይሞላል፤ 12ቱ ወራት 28፣ 13ኛው ደግሞ 29 ቀናት ስላሏቸው ዓመቱ 365 ቀን ይሆናል። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ በዓሉ ከዓመት ዓመት ከቦታው ብዙም ባልተነቃነቀ ነበር። ሆኖም በ2010 ዓ.ም. በሰኔ የተከበረው በዓል በ2015 ዓ.ም. በሚያዝያ ውሏል፤ እንግዲህ ድምሩ ሳይሆን የአያንቶዎቹ ምልከታ እንደሚገዛ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

እኔ የማደርገው ያለፈውን ዓመት ቀን መነሻ አድርጌ፣ ከዚያ በፊት ባሉት ሦስት ሳምንታት ውስጥ ሊዛወር የማይችል ሥራ አለማስያዝ ነው፤ የቀረውን የሚወስነው ክልሉ ቀኑን ይፋ ሲያደርግ ነው። ዋዜማውን፣ ማለትም የፍቼን ዕለትም፣ እንደ ሙሉ የሥራ ቀን አይቁጠሩት። ቤተሰቡ ከነከብቱ ለበዓሉ በሚሠራው ሁሉቃ በሚባል በር የሚያልፈውም፣ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የሚሠራው ቡሪሳሜ የሚቀርበውም በፍቼ ምሽት ስለሆነ፣ ወላጆቹ ገጠር ያሉ ሠራተኛ ሁሉ ከቀትር ጀምሮ ልቡ መንገድ ላይ ነው። ጫምባላላ በማግሥቱ ይውላል።

አዳራሽ የሚከራዩ ከሆነ፣ የበዓሉ ቀን ሲታወጅ ስብሰባውን ያለ ቅጣት ማዛወር የሚፈቅድ አንቀጽ በውሉ ውስጥ ያስገቡ።