የጋሼ ሲኒ

ይድረስ ለእትዬ፣

ነገሩ ከአንገቴ በላይ ሆኖብኝ ነው የምጽፍልዎ። ጋሼ የምለው ታላቅ ወንድሜ ከእኛ ጋር ይኖራል። ቤታችን ከአራዳ ጊዮርጊስ ዝቅ ብላ ያለች ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ናት፤ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር አምስት ነን። ጋሼ ከ3 ዓመት በፊት የሳንባ ቲቢ ይዞት፣ መድኃኒቱን 6 ወር ሙሉ ወስዶ ድነሃል ተብሎ ነበር። ዘንድሮ ሳሉ ተመለሰ። ከሳ፣ አክታው ላይም የደም ክር መታየት ጀመረ። አክታው ሁለት ጊዜ ተመርምሮ ቲቢ የለም ተባለ። በመጨረሻ በሲቲ ስካንና በደም ምርመራ፣ ቲቢው ሳንባው ላይ ጥሎት በሄደው ጉድጓድ ውስጥ ፈንገስ ገብቷል አሉን።

ባለቤቴ ግን «ስሙን ለወጡለት እንጂ ያው ቲቢ ነው» ብሎ የጋሼን ዕቃ ለየ። ሳህኑን፣ ፎጣውን፣ ከሁሉ በላይ ሲኒውን። አፉ የተሸረፈች ሲኒ ናት፤ ረከቦቱ ላይ አትቀመጥም፣ መስኮቱ ላይ ብቻዋን ናት። ባለፈው እሑድ ቡና ሳፈላ ትንሿ ልጄ «እሷን እንዳትነኩ፣ የጋሼ ናት!» ስትል ጋሼ ሰማ። ቶናውን ሳይጠብቅ ተነሥቶ ወጣ። ስናገር ጠብ ነው፣ ዝም ስል ያንገበግበኛል።

ጋሼ ማንንም አያስቸግርም። ለፈንገሱ የታዘዘለትን ኢትራኮናዞል የሚባለውን እንክብል ሳያዛንፍ ይወስዳል፤ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሳይሄድ ከጨጓራው ኦሜፕራዞል ጋር በአንድ ጉንጭ ውኃ ይውጠዋል፣ ሌላውን ማታ ሲተኛ። የነቢያት ጾም ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም፤ ድሮም ቁርስ አይወድም። 2 ወር ሆነው፣ ለውጥ የለም።

ባለቤቴ «ደብረ ብርሃን ማዶ እናታችሁ ጋ ይሂድ፣ ንጹሕ አየር ያገኛል፣ ውቂያውንም ያግዛል» ይላል። እውነቱን ልንገርዎ፣ ሌሊት ሲያስል እኔም ልጆቼን አቅፌ ወደ ግድግዳው እዞራለሁ። ይተላለፋል እንዴ? ብልከውስ ነውር ነው?

የጋሼ እህት፣ ከአራዳ

*

እህቴ፣

ስለ ሲኒው ይህን ያህል ጽፈሽ የኦሜፕራዞሉን ነገር እንደ ዋዛ አለፍሽው። እኔን ያስደነገጠኝ ግን እሱ ነው።

የኢትራኮናዞል እንክብል ወደ ደም ለመግባት ምግብና የጨጓራ አሲድ ይፈልጋል። የኦሜፕራዞል ሥራ ደግሞ አሲዱን መቀነስ ነው። ስለዚህ ወንድምሽ በአንድ እጁ የሚውጠውን በሌላው እያባረረው ነው፤ ያውም በባዶ ሆድ! «ለውጥ የለም» ያልሽው መድኃኒቱ አቅም አጥቶ ሳይሆን ሳንባው ጋ ሳይደርስ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ነገ ጠዋት የሚወስደውን ሁሉ ይዛችሁ ሐኪሙ ጋ ሂዱ፤ የጨጓራው ይቁም ይለወጥ እሱ ይወስን። ከዛሬ ጀምሮ ግን ጠዋትም ማታም እህል ቀምሶ ይዋጠው። አንዳንዴ ሐኪሞች በኮካ እንዲዋጥ ያዛሉ፣ አሲድ ስላለው፤ ኮካ ደግሞ የጾም ነው። ሰዓቱን ለንስሐ አባቱ ይንገራቸው። እኔም ጾመኛ ነኝ፤ ደም የሚተፋ ሰው ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንዲቆይ ማንም አያስገድደውም።

ባለቤትሽ «ያው ቲቢ ነው» ብሎ የቲቢ መድኃኒት እንዳያስጀምረውም ተጠንቀቂ። ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ፣ ሪፋምፒሲን፣ ደም ውስጥ ያለውን ኢትራኮናዞል ጠራርጎ ያወጣዋል።

ይተላለፋል ወይ ላልሽው፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይህን ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው አስፐርጂለስ የሚባል ሻጋታ ነው፤ ሞሶብ ውስጥ የሰነበተ እንጀራ ላይ የምናየው ዘመዱ ነው። (ስሙን በ1729 እ.ኤ.አ. ያወጣለት ሚኬሊ የሚባል የፍሎረንስ ቄስ ነው፤ በአጉሊ መነጽር ሲያየው የጠበል መርጫ መሰለውና በዚያው ሰየመው።) ዘሩ አየር ላይ ነው፤ አንቺም ልጆችሽም በየቀኑ ትተነፍሱታላችሁ፣ ጤነኛ ሳንባ ግን ጠራርጎ ያስወጣዋል። ጋሼ ውስጥ ባዶ ቤት አገኘ፣ ገባበት፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

ንጹሕ አየር ያላችሁት ደግሞ የት ነው፣ ዐውድማ ላይ? እርጥበት የገባው ጭድ ሲነሣ የሚቦነው አቧራ የዚሁ የሻጋታ ዘር መናኸሪያ ነው። ለዚህ ሕመምተኛ ከውቂያ የባሰ ቦታ አላውቅም።

ነውር ነው ወይ? አዎ፣ ነውር ነው። ሌላ አማካሪ ግራና ቀኙን ይመዝንልሽ ይሆናል፣ እኔ አልመዝንም። ወደ ግድግዳው መዞርሽን ግን አልፈርድብሽም፤ እናት ነሽ፣ አይተላለፍም ብሎ ቁጭ አድርጎ የነገረሽም የለም። ከዛሬ በኋላ ወደ እሱ ዙረሽ ተኚ።

ሕክምናው ረጅም ነው፤ ቢያንስ 6 ወር፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ። ሳሉ ቀለል ሲለውና ኪሎው ሲመለስ መሥራቱን ታውቂያለሽ። በየጊዜው ጉበቱ ይመርመር። እግሩ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ቀጠሮ አትጠብቂ። ደሙ ክር መሆኑ ቀርቶ አፍ ሙሉ ከመጣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው።

ሲኒዋን ጣያት። አፉ የተሸረፈ ሲኒ ለቤተሰብም ለእንግዳም አይቀርብም። ባለቤትሽ ቅር ካለው ራሱ ይጻፍልኝ።